ከጥቅሱ በፊትና በኋላ ያለውን ስለ ማንበብ፦ ለመጽሐፍ ቅዱስ ተማሪ ወጣቶች የቀረበ ምክር

መጽሐፍ ቅዱስን በትጋት ማጥናት የጀመረ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ ሊገነዘበው የሚገባው፣ ጥቅስን በቃል መያዝና ቃሉን መረዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው፤ ይህንም ልዩነት አጉልቶ የሚያሳየው ራሱ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 እንደ ተጻፈው፣ ፈታኙ ጌታን በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ ራሱን ወደ ታች እንዲወረውር ሲገፋፋው ያቀረበው ማስረጃ ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ጥቅስ ነበር፤ ይኸውም በዕብራይስጡ ቁጥር 91ኛ፣ በግሪኩና በግእዙ ቁጥር ግን 90ኛ በሆነው መዝሙር ውስጥ መላእክት በእግዚአብሔር የታመነውን ሰው በእጃቸው እንደሚያነሡት የሚናገረው ክፍል ነው። ፈታኙ የጠቀሰው ቃል ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ጥበቃው ሰው በሚሄድበት መንገድ ሁሉ አብሮት እንደሚሆን የሚገልጸውን ሐረግ ዘሎታል፣ ወዲያው የሚከተለውንና አንበሳንና እባብን ስለ መርገጥ የሚናገረውን ቁጥርም ሳያነሣ ቀርቷል፤ ከዚህ የባሰው ደግሞ በልዑል መጠጊያ ለሚኖር ሰው መጽናኛ እንዲሆን የተዘመረውን መዝሙር እግዚአብሔርን መፈተኛ አድርጎ ማቅረቡ ነው። ጌታም የመለሰለት ጥቅሱን በመካድ ሳይሆን ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6 ሌላ ቃል በማምጣት ነበር፤ ያም ቃል የራሱ ታሪክ ያለው ነው፣ ምክንያቱም እስራኤል በምድረ በዳ ውኃ አጥተው እግዚአብሔር በመካከላቸው መኖር አለመኖሩን በተጠራጠሩበት በማሳህ የሆነውን ያስታውሳል።

እንግዲህ ጥቅስ ከቦታው ሲነሣ ፊደሉ ሳይለወጥ መልእክቱ ሊለወጥ ይችላል። በአንድ ቃል ዙሪያ ያለው ሁሉ፣ ማለትም ከእርሱ በፊትና በኋላ የሚመጣው ሐሳብ፣ ተናጋሪውና አድማጩ፣ ዘመኑና የተነገረበት ሁኔታ በአንድነት ዐውድ ይባላል፤ ዐውድን ጠብቆ የመጽሐፉን ሐሳብ ከመጽሐፉ ውስጥ ለማውጣት የሚያገለግሉትን መርሖች የሚመረምረው የትምህርት ዘርፍ ደግሞ በዛሬዎቹ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ሥነ አፈታት በመባል ይታወቃል። ስያሜው አዲስ ይምሰል እንጂ ሥራው ጥንታዊ ነው፤ በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 8 እንደሚነበበው፣ ዕዝራ ከምርኮ በተመለሰው ሕዝብ ፊት የሕጉን መጽሐፍ በከፈተበት ቀን ሌዋውያኑ በሕዝቡ መካከል ሆነው የተነበበውን እየፈቱ ያስረዱ ነበር፣ ሕዝቡም ያለቀሰውና ኋላም ደስ ያለው የተነበበለትን በማስተዋሉ ነው።

በዚህ ዘመን ያለ ወጣት ቃሉን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው እንደ ዕዝራ ጉባኤ ሰዓታትን በፈጀ ንባብ ሳይሆን ተቆርጦ በስልኩ መስታወት ላይ በሚመጣ አንድ ቁጥር ነው። ስለዚህም ቁጥሮቹ ከየት እንደ መጡ ማወቅ ይጠቅመዋል። ነቢያትና ሐዋርያት ሲጽፉ መጽሐፋቸውን በዛሬው ምዕራፍና ቁጥር አልከፈሉም፤ አሁን በሰፊው የሚሠራበት የምዕራፍ አከፋፈል በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በፓሪስ ያስተምር ከነበረውና ኋላ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ከሆነው ከስቲቨን ላንግተን ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ የአዲስ ኪዳን የቁጥር አከፋፈል ደግሞ ሮቤር ኤስቲየን የተባለው ፈረንሳዊ አታሚ እ.ኤ.አ. በ1551 ባሳተመው የግሪክኛ እትም የወጣ ነው። ይህ ሥራ አንባቢ የፈለገውን ቦታ በቀላሉ እንዲያገኝ የረዳ ትልቅ አገልግሎት ነው፤ ሆኖም የምዕራፍና የቁጥር ምልክት የሐሳብ ድንበር አይደለም፣ አንዳንድ ጊዜም አንዱን ሐሳብ ከመካከሉ ይከፍለዋል። በኢሳይያስ 53 ያለው ስለ መከራ ተቀባዩ አገልጋይ የሚናገረው ክፍል የሚጀምረው ከምዕራፉ ራስ ሳይሆን ከዚያ በፊት ባለው ምዕራፍ ከቁጥር 13 ስለ ሆነ፣ ምዕራፍ 53ን ብቻ የሚያነብ ሰው አገልጋዩ አስቀድሞ ከፍ ከፍ እንደሚል የተነገረለት መሆኑን ሳያይ ያልፋል።

ለተማሪው የሚሰጠው የመጀመሪያው ተግባራዊ ምክር፣ አንድን ቃል ለራሱም ሆነ ለሌላ ሰው ከመጠቀሙ በፊት ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ብዙዎች የሚሰናከሉበት ነው፤ ለዚህም መጽሐፈ ኢዮብ ከሁሉ የሚበልጥ ምሳሌ ይሆናል። በኢዮብ 8፥7 ላይ የሚገኘው፣ ጅማሬው ጥቂት የነበረው ሰው ፍጻሜው እጅግ እንደሚበዛ የሚናገረው ቃል አዲስ ሥራ ለጀመረ፣ ትዳር ለያዘ ወይም ሱቅ ለከፈተ ሰው ምርቃት ሆኖ ሲነገር ይሰማል። ይሁን እንጂ ቃሉን የተናገረው እግዚአብሔር ወይም ነቢይ ሳይሆን ሹሐዊው በልዳዶስ ነው፤ የተናገረውም አሥር ልጆቹን በአንድ ቀን ላጣ፣ በቁስል ተመትቶ በአመድ ላይ ለተቀመጠ ወዳጁ ነው። ከዚህ ቁጥር ሦስት ቁጥሮች ቀደም ብሎ በልዳዶስ የኢዮብ ልጆች የሞቱት ስለ ኃጢአታቸው እንደ ሆነ በሚያመለክት አነጋገር ተናግሯል፤ ከዚያም ኢዮብ ንጹሕና ቅን ከሆነ እግዚአብሔር እንደሚነሣለት ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ነው ስለ ፍጻሜው መብዛት የሚያወራው። ይህን የሰማ ኢዮብ ምርቃት እንደ ተመረቀ ሊሰማው አይችልም ነበር፤ በሐዘኑ ላይ ክስ ተጨመረበት እንጂ።

በመጽሐፉ መጨረሻ፣ በምዕራፍ 42፣ እግዚአብሔር የኢዮብን ወዳጅ ኤልፋዝንና ሁለቱን ባልንጀሮቹን ስለ እርሱ ቅን ነገር እንዳልተናገሩ ነግሮ ይገሥጻቸዋል፣ መሥዋዕት እንዲያቀርቡና ኢዮብም እንዲጸልይላቸው ያዛል። በዚህ ላይ ግን ጥንቁቅ ተማሪ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል አለበት። አንደኛው፣ ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 3 ላይ ጥበበኞችን በተንኰላቸው ስለ መያዝ የሚናገረውን የኤልፋዝን ቃል እንደ ተጻፈ አድርጎ ስለ ጠቀሰ፣ የወዳጆቹ ንግግር ሁሉ ከንቱ ነው ብሎ መጣል አይቻልም። ሁለተኛውና የሚያስደንቀው፣ በምዕራፍ 42 ቁጥር 12 የኢዮብ ኋለኛ ዘመን ከፊተኛው ይልቅ የተባረከ መሆኑ ስለ ተጻፈ በልዳዶስ የተናገረው ነገር በመልኩ ተፈጽሟል፤ የተፈጸመው ግን በልዳዶስ ባሰበው ምክንያትና መንገድ አይደለም። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ቁጥር ብቻውን ሊያሳይ አይችልም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው ብቻ ያገኘዋል። በዚህ ቃል በመልካም ልብ የሚመርቅን ሰው ማሸማቀቅ ግን ተገቢ አይሆንም፤ ምክሩ የሚያስተምረውንና የሚሰብከውን የበለጠ ይመለከታል፣ ምክንያቱም በልዳዶስ የሠራው ስሕተት እውነት የሚመስልን ቃል ያለ ቦታው በሐዘንተኛ ላይ መጫን ነበርና፣ ያንኑ ቃል ዐውዱን ሳያውቅ የሚጠቅስ ሰባኪ ስሕተቱን ሊደግመው ይችላል።

ተናጋሪው ከታወቀ በኋላ ቀጥሎ የሚጠየቀው ቃሉ ለማን፣ መቼና ለምን እንደ ተነገረ ነው። በኤርምያስ 29፥11 እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያሰበው አሳብ የሰላም እንጂ የክፉ እንዳልሆነና ፍጻሜና ተስፋ እንደሚሰጣቸው የተነገረው ቃል ከተወደዱት ጥቅሶች አንዱ ነው፤ መወደዱም ይገባዋል። ቃሉ የሚገኘው ግን በደብዳቤ ውስጥ ነው፤ ከመካከሉ አንዲት መስመር ብቻ የተነበበለት ደብዳቤ ደግሞ ላኪው ያሰበውን አያደርስም። ናቡከደነፆር ንጉሡን ኢኮንያንን ከመኳንንቱና ከጠራቢዎቹ ጋር ወደ ባቢሎን የማረከው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ሆኖ ለእነዚህ ምርኮኞች ጻፈላቸው። በዚያው ወራት ሐናንያ የተባለ ነቢይ የባቢሎን ቀንበር በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚሰበርና ምርኮኞቹ እንደሚመለሱ በቤተ መቅደስ በሕዝብ ሁሉ ፊት ተናግሮ ነበር፤ በኤርምያስ አንገት ላይ የነበረውንም የእንጨት ቀንበር ወስዶ ሰብሮታል። ለሕዝቡ የሚጣፍጠው የሐናንያ ስብከት እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

የኤርምያስ ደብዳቤ የሚናገረው ተቃራኒውን ነው። ምርኮኞቹ በባቢሎን ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ ለማረካቸውም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ያዝዛቸዋል፤ የሚያባብሏቸውን ነቢያት እንዳይሰሙም ያስጠነቅቃቸዋል፤ ከዚያም ከቁጥር 11 አስቀድሞ ባለው ቁጥር የመጐብኘታቸው ቀን ሰባ ዓመት ሲፈጸም እንደሆነ ይነግራቸዋል። በጉልምስና ዕድሜው ተማርኮ ደብዳቤውን ያነበበ ሰው፣ የተስፋውን ፍጻሜ የሚያየው እርሱ ሳይሆን ልጆቹና የልጅ ልጆቹ መሆናቸውን ወዲያው ይረዳል። እንግዲህ ቃሉ የተነገረው ለአንድ ግለሰብ ስለ ቅርብ ዘመን ስኬቱ ሳይሆን ለሕዝብ ስለ ትውልድ ተሻጋሪው የእግዚአብሔር ታማኝነት ነው። ይህ ማለት የዛሬው አማኝ በዚህ ቃል አይጽናና ማለት አይደለም፤ እንዲያውም እውነተኛው መጽናናት የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው፣ ምክንያቱም ልመናው በሁለት ዓመት ያልተመለሰለት፣ ሥራ ያጣ፣ በሰው አገር የሚንከራተት ሰው ከሐናንያ ተስፋ ይልቅ የኤርምያስ ተስፋ ያጸናዋል። ጥቅሱን ከዐውዱ ነቅሎ የፈጣን ስኬት ዋስትና ያደረገ ሰባኪ ግን፣ ሳያውቀው በኤርምያስ ቃል የሐናንያን ስብከት እየሰበከ ነው፤ ስኬቱም በቀረ ጊዜ የሚጎዳው የወጣቱ እምነት ነው።

ይህንኑ የሰባ ዓመት ቃል እንዴት ማንበብ እንደሚገባ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ አንድ አንባቢ ያሳያል። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 9 ዳንኤል የኤርምያስን መጽሐፍ አንብቦ የዓመቱን ቁጥር ባስተዋለ ጊዜ ያደረገው ነገር ማቅ ለብሶ፣ ጾሞ፣ የራሱንና የሕዝቡን ኃጢአት መናዘዝ ነበር። የትንቢት ቁጥር ሲያገኙ ቀን ለመቁረጥ የቸኰሉ ሰዎች ታሪክ ግን ሌላ ነው፤ አሜሪካዊው ገበሬና ሰባኪ ዊልያም ሚለር በዚያው በዳንኤል መጽሐፍ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን 2300 ቁጥር ቀኖቹን እንደ ዓመታት ቈጥሮ የጌታ መምጫ መቅረቡን ካስተማረ በኋላ፣ ተከታዮቹ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1844 ጌታን ጠብቀው ባልመጣ ጊዜ ብዙዎች በሐዘን ተሰበሩ። ሰዎቹ ቅን እንደ ነበሩ መጠራጠር አይገባም፤ ቅንነታቸው ግን ከስሕተት አላዳናቸውም።

ከዐውድ ጋር አብሮ የሚታየው የጽሑፉ ዓይነት ነው። መዝሙር ተራሮች እንደ ኰርማ ዘለሉ ሲል የመሬት ጥናት አያስተምርም፤ ታሪክ ደግሞ የሆነውን ሲተርክ የሆነው ሁሉ መልካም ነው ማለቱ አይደለም፣ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 11 የዮፍታሔ ስእለት የተጻፈው ተማሪ እንዲህ ያለ ስእለት እንዲሳል አይደለምና። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 26 ላይ ለሰነፍ እንደ ስንፍናው እንዳይመለስለት ከመከረ በኋላ በሚቀጥለው ቁጥር እንዲመለስለት ይመክራል፤ ይህን ግጭት ነው የሚል ሰው የምሳሌን ባሕርይ አልተረዳም፣ ምሳሌ ለሁኔታ የሚነገር ጥበብ እንጂ በሁሉ ቦታ የሚሠራ ድንጋጌ ባለመሆኑ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ሰው ጊዜን መለየትን ለአንባቢው ትቶለታል። ዮሐንስ በራእዩም በእስያ ለነበሩ ሰባት አብያተ ክርስቲያናት እንደ ጻፈ በመጽሐፉ መጀመሪያ ተነግሯልና፣ ትርጓሜው ለእነዚያ መከራ ላይ ለነበሩ አማኞች ምንም ትርጉም የማይሰጥ ከሆነ ትርጓሜው መመርመር ያስፈልገዋል።

በጌታ ምሳሌዎች ላይ ግን ጥቂት ረዘም ብሎ መቆየት ያስፈልጋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለውን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ኦሪጀንና አውግስጢኖስን የመሰሉ የጥንት መምህራን ምስጢራዊ በሆነ መንገድ ፈትተውታል፤ በወንበዴዎች የቈሰለው ሰው አዳም፣ ሳምራዊው ክርስቶስ፣ የእንግዶች ማደሪያውም ቤተ ክርስቲያን ነው ብለዋል። የእያንዳንዱን ነገር ስውር ትርጉም የሚፈልገው ይህ የአፈታት መንገድ በእስክንድርያ ትምህርት ቤት የበለጠ የዳበረ ሲሆን፣ በአንጾኪያ የነበሩትና ዮሐንስ አፈ ወርቅን ያፈሩት መምህራን ግን ታሪኩንና የንባቡን ቀጥተኛ ሐሳብ በማስቀደም ይታወቁ ነበር። ሁለቱም መንገዶች ለቤተ ክርስቲያን ብዙ ፍሬ ሰጥተዋል። ይሁን እንጂ ወጣት ተማሪ ቅደም ተከተሉን እንዲጠብቅ በጥብቅ ይመከራል፤ ምሳሌው የተነገረው ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ ለጠየቀ የሕግ አዋቂ ነው፣ ጌታም በመጨረሻ ጥያቄውን ገልብጦ ከሦስቱ ለቈሰለው ባልንጀራ የሆነው የትኛው እንደ ሆነ ጠየቀው፣ ሄዶም እንዲሁ እንዲያደርግ አዘዘው። ስለ ማደሪያው ቤትና ስለ ሁለቱ ዲናር ምስጢር ረጅም ሰዓት ተናግሮ በመንገድ ዳር ስለ ወደቀው ሰው ምንም የማይል ትምህርት የምሳሌውን ጥያቄ ሳይመልስ አልፏል።

ይህን ቅደም ተከተል የኢትዮጵያ የትርጓሜ ሊቃውንት ጠብቀው ኖረዋል። አንድምታ በመባል የሚታወቀው የትርጓሜ ትምህርት የግእዙን ንባብ አስቀድሞ በአማርኛ ከፈታ በኋላ አንድም እያለ ሌሎች ሊሆኑ የሚችሉ ፍቺዎችን፣ ታሪክንና ሐተታን ይጨምራል፤ ሐተታ ማለት ነገሩን በምክንያትና በማስረጃ የሚያብራራ ንግግር ነው። ትምህርቱ በአብዛኛው ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ሲተላለፍ ቆይቶ ብዙው በ20ኛው መቶ ዓመት በመጽሐፍ የታተመ ሲሆን፣ ጉባኤውም የብሉያት፣ የሐዲሳት፣ የሊቃውንትና የመነኮሳት መጻሕፍት ተብሎ በአራት ይከፈላል። ተማሪው ወደ መጻሕፍት ቤት የሚገባው ንባብን፣ ዜማንና ቅኔን ካለፈ በኋላ ነው፤ በቅኔ ቤት ሰሙን ከወርቁ መለየት፣ ማለትም ግልጹን መልእክት ከስውሩ ለይቶ ማየት ዓመታትን ሠርቶ ስለ ለመደ፣ ንባብን ሳይቸኵል የመመርመር ልማድ አብሮት ይገባል። በአንድ ቃል ላይ ሁለትና ሦስት ፍቺ ጎን ለጎን ማኖሩ አንዳንዶች እንደሚመስላቸው የሐሳብ አለመጽናት ምልክት ሳይሆን፣ ቀደምት መምህራን ያዩትን ሁሉ ሳይጥሉ ለተማሪው የማድረስ ታማኝነት ነው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ያደገ ወጣትም ይህ ሀብት የራሱ አገር ሀብት መሆኑን ዐውቆ ቢመረምረው ይጠቀማል፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ጉባኤ ያደገውም በሌላው ዘንድ ስለ ዐውድና ስለ ቋንቋ የተደከመውን ጥናት ቢያይ አይጎዳም።

ብቻውን የሚያነብ ሰው መምህር እንደሚያስፈልገው ከማንም በላይ ያሳየው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ነው። ይህ ሰው የህንደኬ፣ ማለትም በዚህ የማዕረግ ስም ትጠራ የነበረችው ንግሥት፣ የገንዘብ ሹም ነበረ፤ ለመስገድ ወደ ኢየሩሳሌም የተጓዘ፣ የነቢዩ ኢሳይያስ መጽሐፍ የነበረውና ማንበብ የሚችል ሰው ነበረ። ይህ ሁሉ ሳለ ያለ መሪ ማስተዋል እንደማይችል ለወንጌላዊው ፊልጶስ ሲነግረው አላፈረም፤ የጠየቀውም ጥያቄ የአፈታትን ሥራ ከመሠረቱ የሚያነሣ ነው፣ ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው ብሎ ነውና። ፊልጶስ ደግሞ ሌላ የሚወደውን ክፍል አልፈለገም፤ ጃንደረባው ከያዘው ከዚያው ንባብ ተነሥቶ ወደ ክርስቶስ አደረሰው። ትሑት ጠያቂና ለንባቡ የታመነ መምህር በተገናኙበት በዚያ የምድረ በዳ መንገድ ላይ የአንድ ሰው ሕይወት ተለወጠ።

መምህር ባይቀርብ ደግሞ መጽሐፉ ራሱ ይረዳል። በሰሜን አፍሪካ የሂፖ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ397 ገደማ ጀምሮ በ426 ገደማ በፈጸመው ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት በሚናገረው ሥራው ላይ፣ ጨለማ የሚመስለውን ክፍል ግልጽ በሆነው ክፍል ብርሃን ማየት እንደሚገባ አስተምሯል፤ ከዚያም በላይ እግዚአብሔርንና ባልንጀራን መውደድን የማያንጽ ትርጓሜ ያገኘ ሰው ገና መጽሐፉን እንዳላስተዋለ ጽፏል። ይህ የፍቅር መለኪያ ልቅ ስሜት አይደለም፤ ጌታ ሕጉና ነቢያቱ በሁለቱ የፍቅር ትእዛዛት እንደ ተሰቀሉ ከተናገረው የተወሰደ ነው።

ይህ መለኪያ ሲጣል ምን እንደሚከተል በካም እርግማን ስም የተሠራው በደል ያሳያል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ኖኅ ከስካሩ ነቅቶ የተናገረውን ቃል በመያዝ፣ ጥቁር ሕዝብ ሁሉ የካም ዘር ስለ ሆነ ለባርነት ተረግሟል የሚል ትምህርት ለብዙ መቶ ዓመታት ተስፋፍቷል፤ እስከ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1865 ድረስ፣ በዚያች አገር ደቡብ ባሪያ ፈንጋዮችን የሚደግፉ ሰባክያን ከመድረክ ላይ ጠቅሰውታል። ንባቡን የከፈተ ማንኛውም ሰው ግን የተረገመው ካም ሳይሆን ልጁ ከነዓን መሆኑን ያያል፤ በሚቀጥለው ምዕራፍ የካም ልጆች ኩሽ፣ ምጽራይም፣ ፉጥና ከነዓን ተብለው ሲዘረዘሩ፣ የከነዓን ልጆች የሲዶንና የኢያቡስ፣ የአሞራውያንም አባቶች እንደ ሆኑ ተጽፏል፣ እነዚህም እስራኤል በገባባት ምድርና በዙሪያዋ የኖሩ ሕዝቦች ናቸው እንጂ የአፍሪካ ሕዝብ አይደሉም። ኩሽ በዚያ ቃል ውስጥ አልተነካም። ከዚህም ሌላ በዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ማርያም ሙሴን ስላገባት ኢትዮጵያዊት ሴት ባማችው ጊዜ በለምጽ የተመታችው ማርያም እንጂ የተነቀፈችው ኢትዮጵያዊቷ አልነበረችም።

እነዚያ ሰባክያን ሁሉ ፊደል ያልቈጠሩ አልነበሩም፤ ከመካከላቸው ዕብራይስጥና ግሪክኛ የተማሩም ነበሩ። ያጡት እውቀት ሳይሆን በንባቡ ለመገሠጽ መፍቀድ ነበር፤ የሚፈልጉትን ድምዳሜ አስቀድመው ስለ ያዙ ከነዓን የሚለውን ስም እያዩ ካም ብለው አነበቡት። ሚሊዮኖች በሰንሰለት የታሰሩበት ሥርዓት በዚህ ዓይነት ንባብ መታገዙን ያወቀ ወጣት ትርጓሜ የቃላት ጨዋታ ነው ብሎ ሊያቃልለው አይችልም፤ ከዚህ ታሪክ የሚማረውም የሌላውን ስሕተት ማውገዝ ብቻ ሳይሆን፣ የራሱን ወገን፣ የራሱን ቍጣ ወይም የራሱን ጥቅም የሚደግፍ ጥቅስ ባገኘ ጊዜ ከወትሮው ይልቅ ሁለትና ሦስት ጊዜ መመርመር ነው።

ስለ ትርጉም እትሞች ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1840 ሲሆን፣ መሠረቱም በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በግብፅ ይኖር የነበረው ኢትዮጵያዊው አቡ ሩሚ የደከመበት ሥራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የወጣው በ1954 ዓ.ም. የታተመው ትርጉምና ሌሎችም ተከትለዋል። ተማሪው ቢያንስ ሁለት ትርጉሞችን ጎን ለጎን ቢያነብ፣ ግእዝ የሚችልም ከግእዙ ጋር ቢያስተያይ፣ ልዩነት ባየበት ቦታ ላይ ቆሞ እንዲጠይቅ ይረዳዋል። በመዝሙረ ዳዊትና በትንቢተ ኤርምያስ የቁጥር አቆጣጠር በእትሞች መካከል ስለሚለያይ ጥቅስ ፈልጎ ያጣ ሰው ተሳስቼ ይሆን ብሎ ከመጨነቁ በፊት ይህን ያስታውስ፤ የመጻሕፍቱም ብዛት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ 81፣ በወንጌላውያን ዘንድ 66 መሆኑን ማወቅ ከከንቱ ክርክር ያድናል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የማይፈታ ክፍል ይቀራል። በሁለተኛይቱ የጴጥሮስ መልእክት ምዕራፍ 3 በጳውሎስ መልእክቶች ውስጥ ለማስተዋል የሚያስቸግር ነገር እንዳለና ያልተማሩትም እንደሚያጣምሙት ተጽፏል፤ ሐዋርያ አስቸጋሪ ያለውን ነገር ወጣት ተማሪ በአንድ ምሽት አልገባኝም ቢል ሊያፍር አይገባውም። ያልገባውን ቦታ ምልክት አድርጎበት፣ ጥያቄውን በደብተሩ ጽፎ፣ ለመምህሩ ይዞ መሄድና ንባቡን መቀጠል ይሻለዋል፤ ባልገባው ላይ የራሱን ግምት ጨምሮ ለሌላ ከማስተማር ግን ፈጽሞ መቆጠብ አለበት።

ልምምዱን ለመጀመር ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች የተላከው መልእክት ይመረጣል፤ አራት ምዕራፍና 104 ቁጥር ብቻ ያሉት ስለ ሆነ በአንድ መቀመጫ ያልቃል። ተማሪው በመጀመሪያው ምዕራፍ ጳውሎስ በእስራት እንዳለ፣ በሁለተኛው አፍሮዲጡ በሕመም ለሞት ቀርቦ እንደ ነበር፣ በሦስተኛው ጳውሎስ ይመካበት የነበረውን ሁሉ ስለ ክርስቶስ እንደ ጉዳት እንደ ቈጠረ፣ በአራተኛውም መጥገብንና መራብን፣ መብዛትንና መጕደልን እንደ ተማረ ካነበበ በኋላ ኃይልን በሚሰጠው በክርስቶስ ሁሉን እንደሚችል ወደሚናገረው ወደ 4፥13 ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ይህ ቃል ፈተና ለማለፍና ውድድር ለማሸነፍ የተሰጠ ቃል ኪዳን መሆኑን ወይም አለመሆኑን ለመፍረድ የሚያስፈልገው ሁሉ በእጁ ይሆናል።